የማይመለስ መሪ

«እኔን ነው የምታቅፈው ወይስ እሷን?»

«እሷ ካልታቀፈች አትዞርማ!»

ከዚያ ሳቅ። ከሳቁ በኋላ የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ።

ልጅቷ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። በቫኗ የኋላ አልጋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ከፍታ፣ እናትና አባቷ ፊት ተቀምጠው የሚጫወቱትን ታዳምጥ ነበር። አባቷ ያንን እንደ ትሪ የሰፋ መሪ በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ወገቡን ከመቀመጫው አንስቶ ሲያዞረው ዛሬም በሐሳቧ ይታያታል። እናቷ ከሳቁ በኋላ «ክንድህ ሲደክምስ?» ያለች ይመስላታል። አባቷም «ያኔ እናያለን» ብሎ የመለሰ ይመስላታል። ይመስላታል እንጂ እርግጠኛ አይደለችም። እንቅልፍ ሲወስዳት ያለመችው ሊሆን ይችላል፤ ካደገች በኋላ ራሷ የጨመረችበትም ሊሆን ይችላል። ሳቁን ግን መስማቷን ማዪ ብትባል ትምላለች።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የቆመችውም ጋራዥ ውስጥ ነው። ቫኗ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። በሾፌሩ በር በኩል ሁለት ቀጫጭን እግሮች ወጥተው ይወዛወዛሉ፤ የቀረው ሰውነት ዳሽቦርዱ ሥር ገብቷል። እግሮቹ የሽቦ ናቸው። ሽቦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ቅጽል ስሙ ከሥራው የመጣ ይሁን ከሰውነቱ ቅጥነት፣ እሱ ራሱ ቢጠየቅ «ከሁለቱም ተቀጣጥሎ ነው» ይላል።

«ረዳት! መብራቱን ወደ ግራ!» አለ ድምፁ ከውስጥ።

የእጅ ባትሪውን ወደ ግራ አዞረችው።

«ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«የማን ግራ ጋሼ? እርስዎ እኮ ተገልብጠዋል።»

«እውነትሽን ነው» አለ ሽቦ። «ደም ጭንቅላቴ ውስጥ ሲሞላ ግራና ቀኜ ይጠፋኛል። በቃ ወደ አፍንጫዬ አድርጊው።»

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ሳቀ። «ረዳት» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ገና እግሯ ወለሉን ሳይነካ ከጎኑ ተቀምጣ «ወራጅ አለ! ሳበው!» እያለች ስለምትጮህ። ቫኗን ደግሞ «አሮጊቷ» ይላታል። አሮጊቷ አባቷ ራሱ ሳይወለድ የተሠራች፣ ክብ መብራቶቿ የተገረመ ሰው ዓይን የሚመስሉ፣ ጣሪያዋ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት፣ የኋላ ወንበሯ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን መኪና ናት። በጎኗ ሁለት ዓይን ያለው የጋዝ ምድጃ፣ ከምድጃው አጠገብ አንድ ሳህን ብቻ የምትችል የዕቃ ማጠቢያ አለች። ሰው እንደ ቤት ሊኖርባት ይችላል። ችግሯ መሪዋ ነው። ቆማ እያለች ጎማዎቿን ማዞር፣ ከድንጋይ ጋር ትግል እንደ መግጠም ነው።

ለዚህ ነው ሽቦ ተገልብጦ የሚውለው። ኋላዋ ከተጨፈለቀ አንዲት ትንሽ የከተማ መኪና የመሪ ሞተር ፈልጎ አገኘ። ቶርኖ ቤት ሄዶ ከአሮጊቷ የመሪ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ብረት አስቀረጸ፤ ራሱ በየደው። ሞተሩ የጣሳ ያህል ነው። እጅ መሪውን ሊያዞር ሲሞክር ይሰማውና የራሱን ጉልበት ይጨምርለታል። ከመኪናዋ ባትሪ የሚመጣ ቀይ ወፍራም ሽቦ ያበላዋል። ዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያለች ትንሽ ማዞሪያ ተገጥማለች፤ ወደ ቀኝ በዞረች ቁጥር መሪው ይቀላል።

ሽቦ ከውስጥ ወጣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«አስነሳት እስቲ።»

አባቷ ገብቶ አስነሳ። መሪውን በአንድ መዳፉ ገፋ አደረገው። ዞረ። ቆማ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ እንደ ሕፃን መጫወቻ ዞረ። አባቷ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሽቦ! አንተ ሰውዬ! ይቺ እኮ ሌላ ሴት ሆናለች!»

«ገና ግማሹ ላይ ነው ያደረግኩት» አለ ሽቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እዚሁ ብንተዋት ይሻላል።»

«እስከ መጨረሻው አድርጋት።»

«እስከ መጨረሻው? ትከሻህ ይህን ያህል ነው እንዴ የሚያምህ?»

«ትከሻ ነው ወዳጄ» አለ አባቷ። «ትከሻን አትናቅ።»

ረዳት ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። የፈሰሰ ዘይት ላይ የተረጨውን የእንጨት ብናኝ በጫማዋ ጫፍ ትጭረው ጀመር።

ትከሻ አልነበረም።

ያወቀችው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አደባባዩ ላይ ነው። አባቷ መሪውን እየመለሰ ሳለ ግራ እጁ ከመሪው ላይ ወረደ። እሱ ያወረደው አልነበረም፤ ራሱ ወረደ፣ ጭኑ ላይም እንደ ወደቀ ጓንት ተቀመጠ። ያኔ ሳታስበው እጇን ዘርግታ መሪውን ያዘች። አብረው አዞሩት። ጥግ ይዞ ቆመ። ከዚያ ነገራት። ነርቭ ነው። ጣቶቹ መጨበጥ እየረሱ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ምንም አልደበቀውም። ይብሳል እንጂ አይመለስም፤ ምን ያህል ቶሎ እንደሚብስ ግን ማንም አያውቅም አለው።

«ለእናትሽ ትከሻ ነው ብያታለሁ» አላት። «ፈተናሽን ጨርሺና ሐይቁ ዘንድ እንሂድ። ሦስታችን። በአሮጊቷ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን…»

«እስከዚያ ድረስ ምን?»

«እስከዚያ ድረስ ረዳቴ አይደለሽ?»

ምን ትበል? አባቷ ነው። «እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሪውን ከሥር፣ ከውጭ ሰው በማያየው በኩል፣ በሁለት ጣቷ ትይዛለች። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እሱ ሲስብ አብራ ትስባለች። ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ታያለች። እናቷ ከጥርስ ሕክምና ክሊኒኩ፣ ቀኑን ሙሉ የታካሚ ስም እየጠራች ከዋለችበት፣ ደክሟት ትመጣና ቅባት ይዛ አባቷን በሆዱ ታስተኛዋለች። ትከሻውን ታሸዋለች። «እዚህ ጋ ነው? ወይስ እዚህ ጋ?» ትለዋለች። እሱም «እዚያ ጋ፣ አዎ፣ ተባረኪ» ይላል። ያንን ጤነኛ ትከሻ። ረዳት ያንን ላለማየት ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ትገባለች፤ የቅባቱ ሽታ ግን እዚያም ይከተላታል። አልጋዋ ውስጥ ሆና ስትጸልይ እንኳ ምን ብላ እንደምትለምን ይጠፋታል። እጁ እንዲድን ትለምን? ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ምስጢሩ እንዲወጣ ትለምን? ቃል ገብታለች። ብዙ ጊዜ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ ብላ ትተኛለች።

ሽቦ ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻው አዞራት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገባ።

«ስማኝ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ በደንብ ስማኝ። ይቺ ድሮ ከታጠፍክ በኋላ መሪውን ስትለቅላት ራሷ ነበር የምትመለሰው። አይደል?»

«በመዳፌ ውስጥ ፉር ብላ ነበር የምትመለሰው» አለ አባቷ፣ እንደ ድሮ ፍቅር።

«እሱን እርሳው። ሞተሩ ይይዛታል። በተለይ እንዲህ እስከ መጨረሻው ስትከፍታት አትመለስም። በእጅህ ይዘህ መመለስ አለብህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በእጅህ ይዘህ።»

«ገባኝ አልኩህ እኮ! መንዳት ልታስተምረኝ ነው እንዴ?»

ረዳት ሽቦን አየችው፤ አባቷንም አየችው። «ጋሼ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ በዓይኑ ጥግ ተመለከታት። አፏን ዘጋች።

የአሮጊቷ የፊት መቀመጫ ወጥ ነው፤ ሦስት ሰው ይይዛል። ሽቦ በበሩ በኩል ተቀመጠ፤ ረዳት መሐል ገባች። ከመነሳታቸው በፊት አባቷ ቀበቶዋን የሚያስተካክልላት መስሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ዛሬ እጅሽን ሰብስቢ» አላት በሹክሹክታ። «ሽቦ ያያል።»

እጆቿን ጉልበቶቿ መሐል ከታ ጨመቀቻቸው።

ከጋራዡ በር ወጡ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አባቷ በአንድ እጁ፣ እንደ ሰርግ አጃቢ እየተንፈላሰሰ ታጠፈው። ያፏጭ ጀመር። ረዳት ሲያፏጭ ከሰማችው ቆይታለች። ለአፍታ እሷም ተታለለች፤ እውነትም ትከሻ ብቻ ቢሆንስ፣ እውነትም ይህች ጣሳ የምታክል ሞተር ሁሉን ነገር ብታስተካክለውስ ብላ አሰበች። ሽቦ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አዘንብሎ የሥራውን ድምፅ ያዳምጣል። ፊቱ ላይ ልጁ መድረክ ላይ የወጣችለት ወላጅ ዓይነት ኩራት አለ።

«ሐይቁ ዘንድ በአንድ ትንፋሽ ነው የምደርሰው» አለ አባቷ።

«ቀስ በል እንጂ አንተ!»

ሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ነው። ጥጉ ላይ ፀጉር ቤት አለ፤ ደጃፉ ላይ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች የሚቀመጡባቸው የላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። አባቷ ታጠፈ። ቀኝ እጁ ማርሽ ሊቀይር ወረደ። የግራ እጁን ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ እንደኖረው፣ መሪው ፉር ብሎ እንዲመለስ መዳፉን ከፈተው።

መሪው አልተመለሰም።

አሮጊቷ መታጠፏን ቀጠለች። ረዳት የአባቷን ግራ እጅ አየች። ጣቶቹ መሪውን ዳበሱት፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ዳበሱት። ሊይዙት ይፈልጋሉ፤ ግን አይዘጉም። ይህንን ሁሉ ከክንድ ባነሰ ርቀት ላይ ሆና እያየች ነው። የገዛ እጆቿ ጉልበቶቿ መሐል ተጨምቀዋል። «እጅሽን ሰብስቢ» ተብላለች። ለመዘርጋት ስትወስን ጎማው የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቷል። መሪውን ስትይዝ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። አባቷ ፍሬኑን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የፀጉር ቤቱ በር ተበረገደ፤ ፀጉር አስተካካዩ የሚነዝረውን የፀጉር መቁረጫ እንደያዘ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰው የለም? ሰው ገጫችሁ?»

«ማንም የለም! ማንም የለም!» ሽቦ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ሊወድቅ ነበር።

አንድ ወንበር ከፊት መከላከያው ሥር ገብቶ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከፀጉር አስተካካዩ ኋላ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ፀጉራቸው በአንድ ወገን ተላጭቶ በሌላው ወገን እንዳለ ነው። የተሰበረውን ወንበር ጎንበስ ብለው አዩት።

«የኔ ወንበር ነው» አሉ።

«የርስዎ አይደለም አባባ፣ የቤቱ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሱማ ያንተ ነው። እዚህ ላይ ተቀምጬ ነበር ማለቴ ነው። አሁን ነው ተራዎ ደረሰ ብለህ የጠራኸኝ።» ሽማግሌው በጠጉራሙ በኩል ያለውን ጭንቅላታቸውን ዳሰሱ። «ፈጣሪ ይመስገን። ለካ ራሴን ልላጭ ሳይሆን ልተርፍ ነው የመጣሁት።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳይወድ ሳቀ። ሽቦ ግን አልሳቀም። አባቷ ከመቀመጫው አልተነሳም። ቀኝ እጁ መሪው ላይ ነው፤ ግራ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ወንበሩን እተካልሃለሁ» አለ ሽቦ ለፀጉር አስተካካዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የገጠምኩት ነገር ነው። ገና እየሞከርነው ነው።»

ረዳት ይህንን ስትሰማ እስካሁን የያዘችውን መሪ ለቀቀችው።

አሮጊቷን ሽቦ ራሱ ነድቶ ወደ ጋራዡ መለሳት። እንደ ደረሱ ሽቦ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ዳሽቦርዱ ሥር ተመልሶ ገባ። ማዞሪያዋን ወደ ግራ መለሳት፣ የበየደውን በመብራት መረመረ፣ ክሮቼራውን፣ ማለትም የመሪው ዘንግ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ፣ በካቻቢቴ እየጎረጎረ ፈተሸው።

«ምንም የላላ ነገር የለም» ይላል ለራሱ። «ምንም። ታዲያ ለምን…» ከዚያ አንገቱን አወጣ። «አንተ፣ አትመለስም ብዬህ አልነበር? ለምን በእጅህ አልሳብካትም?»

አባቷ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ አጠለቀው።

«ጊዜ ነበረህ እኮ። እጅህ መሪው ላይ ሲንሸራተት አይቼዋለሁ። ትንሽ ብትስበው…»

«ማሽንህ ነው ሽቦ» አለ አባቷ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው። «ያዘኝ።»

ሽቦ አየው። ከዚያ ረዳትን አያት። ረዳት ደግሞ የእንጨት ብናኙን አየች። ሽቦ ተነፈሰና ተመልሶ ገባ።

አባቷ ወደ ቫኗ ኋላ ሄዶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ተከትላው ገባች። ለጉዞው የተዘጋጁት የታጠፉ ብርድ ልብሶች አጠገቡ ተቆልለዋል።

«ንገረው» አለችው።

«ከሐይቁ በኋላ።»

«አሁንም ሐይቅ? አባዬ፣ ሽማግሌው እኮ እዚያ ወንበር ላይ ነበሩ!»

«ቀስ በይ።»

«አሁን ነው የተነሱት! ወንበሩ አልቀዘቀዘም እኮ!»

«አውቃለሁ!» አላት፤ ወዲያው ድምፁ ወረደ። «አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ እኔም።» ብርድ ልብሱን በቀኝ እጁ ደባበሰው። «የሸሚዝ ቁልፍ አቃተኝ፣ ዝም አልኩ። ማንቆርቆሪያ ማንሳት አቃተኝ፣ ዝም አልኩ። ይቺን አንድ ነገር ተዪልኝ ነው የምልሽ። አንዷን ብቻ።»

ብትቆጣው ይቀላት ነበር። ብታለቅስም ይቀላት ነበር። ሁለቱም አልመጣላትም። ከጎኑ ተቀምጣ ጉልበቷን ከጉልበቱ ጋር አገናኘች። «ትድናለህ» እንዳትለው ውሸት ነው። «ንዳ» እንዳትለው ሽማግሌው አሉ። «ተው» እንዳትለው ደግሞ እያየችው ፊቱ ይፈርሳል። ከውጭ የሽቦ ካቻቢቴ ብረት ሲነካ ይሰማል፤ ምንም ያልጎደለው ነገር ላይ ጉድለት እየፈለገ ነው።

በዚህ መሐል የጋራዡ በር ተንኳኳ፤ ማንኳኳቱ ሳያልቅ ተከፈተ።

«የት አሉ ተጓዦቹ?» እናቷ ናት። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ አንገቷ ላይ የክሊኒኩ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፣ ብብቷ ሥር ፌስታል ይዛለች። «የአሮጊቷን መጋረጃዎች ጨርሻቸዋለሁ! ምሳ ሰዓት ላይ ነው የመጨረሻውን የሰፋሁት። ጥርሱን የሚያመው ሰውዬ እንኳ ሳይቀር ቀለሙን ወደደው።» ፌስታሉን ከፍታ ልታሳይ ስትል ዓይኗ የፊት መከላከያው ላይ ወደቀ። ጎንበስ አለች። የወንበሩ ሰማያዊ ላስቲክ ብረቱ ላይ ተፈቅፍቆ ቀርቷል። «ምንድን ነው ይሄ?»

ሽቦ ወጣ። አባቷና ረዳትም ከቫኗ ወረዱ።

«ማንም አልተጎዳም» አለ ሽቦ ቀድሞ።

«ምንድን ነው አልኩ እንጂ ማን ተጎዳ አልኩ?»

«ስንሞክራት መሪው ትንሽ ያዘ። የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣን። ወንበር ነው የሰበርነው። ባዶ ወንበር።»

እናቷ ፌስታሉን ደረቷ ላይ ያዘችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አጭር ጸሎት መሆኑን ረዳት አወቀች። ጸሎቱ ሲያልቅ ቁጣው ተተካ።

«አንተ ሽቦ! ባሌንና ልጄን ልትጨርስብኝ ነው? ትከሻውን የሚያመውን ሰው፣ በደንብ ሳትሞክረው፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ታስቀምጣለህ? እኔ ወንድሜ ብዬ አምኜህ!»

ሽቦ ጨርቁን በእጁ ጠቀለለው። አባቷን አየው። አባቷ መሬት መሬት ያያል። ሽቦ የሆነ ነገር እንደ ገመተ ረዳት ከአስተያየቱ ገባት፤ ገምቶም ነው እንዲህ የሚቆመው።

«ልክ ነሽ እቴ» አለ ሽቦ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እነቅለዋለሁ። ነገ ጠዋት ነቅዬ እንደ ድሮዋ አደርጋታለሁ።»

«እንደ ድሮዋማ ካደረግካት በዚያ ትከሻ እንዴት አድርጎ ይነዳታል?» እናቷ ወደ አባቷ ዞረች፤ ቁጣዋ በአንድ ጊዜ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ። «አመመህ? ሲይዝብህ ትከሻህን ጎተተህ? ና እስቲ ልየው።» እጇን ወደ ትከሻው ዘረጋች።

አባቷ ወደ ኋላ አላለም። ልታሸው ልትጀምር ነው። እዚህም፣ ሽቦ ፊት፣ ያንን ጤነኛ ትከሻ።

ረዳት ቃሏን አሰበች። ለእናቷ አልናገርም ብላለች፤ አትናገርም። ግን ከዚህ በላይ ይህንን ቆማ ማየትም አትችልም።

«አባዬ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«እማዬን ጨብጣት።»

«ምን?» አለች እናቷ።

«በግራ እጅህ። ጣቶቿን። በደንብ አድርገህ ጨብጥላት።»

«ምን እያለች ነው ይቺ ልጅ?» እናቷ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ። ሽቦን አየችው። ሽቦ ፊቱን አዞረ። አባቷን አየችው። ከዚያ፣ ምክንያቱን ሳታውቅ፣ ትከሻውን የያዘውን እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና ጣቶቿን ወደሱ ዘረጋችለት።

አባቷ ረዳትን አያት። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም፤ በጣም ረጅም መንገድ ነድቶ የደከመው ሰው ዓይን ነው። ረዳት ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። እሱ እስኪመልስ ድረስ ብቻዋን ቆማ ጠበቀችው።

የተዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቆይታለች። ከመንገድ የአንድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አለፈ።

«ጨብጠኝ እንጂ» አለች እናቷ፣ በፍርሃት ድምፅ።

«እሺ» አለ አባቷ። «እጨብጥሻለሁ። መጀመሪያ ግን ቁጭ በይ።»